ተወኩል ወይስ ቸልተኝነት?

ሕፃኑ መሬት የወደቀ ዳቦ አንስቶ ሲጎርስ ሴት አያቱ «ቢስሚላህ በል እንጂ ምንም አትሆንም» ብለው ይስቃሉ። ወጣቷ እናት ደግሞ ከአፉ ነጥቃ ትጥላለች፤ እጁን በሳሙና ታሻለች፤ ከሰፈር ልጆች ጋርም እንዳይጫወት በር ትዘጋበታለች። ይህ ሙግት በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ በብዙ ሙስሊም ቤት ይሰማል። ላይ ላዩን የሳሙና ጉዳይ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የእምነት ነው። ልጅን ለመጠበቅ እስከ ምን ድረስ መትጋት ይገባናል? በአላህ (ሱ.ወ.) መመካትስ ምን ማለት ነው?

አያቲቱን አላዋቂ ማለት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴቪድ ስትራካን ብዙ ወንድምና እኅት ያሏቸው ልጆች በአለርጂ እምብዛም እንደማይጠቁ ጽፈዋል። በሀገራችንም በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አግኝቷል። ምክንያቱ ቢያከራክርም፣ ከአፈርና ከጎረቤት ልጅ የተለየ ልጅ ከበሽታ ሁሉ ተጠበቀ ማለት አይቻልም። ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ መስጠትም ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳል እንጂ ጉንፋኑን አያድንም።

ይሁን እንጂ በጎጃም ምድር ቆሞ «አፈር አይጎዳም» ማለት ያስቸግራል። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ በቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እግራቸውን የሚያሳብጥ ዝሆኔ ይይዛቸዋል። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እንዳስረዱት መንስኤው በቆዳ የሚገባ ደቃቅ የአፈር ብናኝ ነው። ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል፤ ሰው ግን እርግማን ነው እያለ ታማሚውን ያገልላል። ትራኮማም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ተገኝቷል። ዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ይህ በሽታ ሲደጋገም ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አጥፎ ብሌንን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል።

ሁለቱም በሽታዎች ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አያቲቱ «ምንም አልሆነም» ሲሉ ያዩትን መናገራቸው ነው፤ ያላዩት ግን ልጁ አድጎ የሚከፍለውን ነው። በራስ ገላ መድፈር አንድ ነገር ነው፤ አማና በተሰጠን ልጅ ገላ ደፍሮ ተወኩል ነው ማለት ግን ሌላ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት መምከራቸው ተዘግቧል።

እኛ ለውዱእ በቀን 5 ጊዜ ፊታችንን እንታጠባለን። ሰላት ገና ያልታዘዘበት የ3 ዓመት ልጅ ግን ዓይኑን ዝንብ ወሮት አጠገባችን ይቀመጣል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት እንኳ ለአንድ ሕፃን ፊት እፍኝ ውኃ አይታጣም። ዝንቧ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ስለሆነ መጸዳጃ መቆፈርም የጎረቤትን ሐቅ መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጁ ይጫወት፤ ከአፈሩም ከጓደኞቹም አትለዩት። ነገር ግን ጫማ አድርጉለት፤ ፊቱን እጠቡለት፤ ክትባቱን አስጨርሱለት። ግመሏ ከታሰረች በኋላ የቀረውን ለአላህ መስጠት ያን ጊዜ ተወኩል ይሆናል። ወላሁ አዕለም።