ካምቢዮው ይወስናል?

«አውቶማቲክ መኪና ማርሹን ራሱ ይቀይራል» እንላለን። ታዲያ መቼ ወደ ሁለተኛ፣ መቼ ወደ ሦስተኛ እንደሚገባ የሚለየው ማን ነው? ሹፌሩ አይደለም፤ የሚረግጠው ፍሪሲዮን የለም፣ እጁም መሪው ላይ ነው። የሚወስነው ካምቢዮው ከሆነ ውሳኔ ከብረትና ከዘይት ይገኛል ማለት ነው። እንግዲያው ከሥጋና ከደም የተሠራው ሰው «ነፃ ፈቃድ አለኝ» ሲል በምን ይበልጣል? እኔ ካምቢዮው አይወስንም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ብዙዎች እንደሚሉት ማሽን መሆኑ አይደለም።

ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ከነበረው ዓይነት መጀመር ይሻላል፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይዳሰሳል። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢል ያወጣው ሃይድራማቲክ አራት የፊት ማርሽ ነበረው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን አንድም አልነበረውም። የእንዲህ ያለው ካምቢዮ ልብ ፕላኔታዊ የሚባለው የጥርስ ስብስብ ነው፦ መሀል ላይ ፀሐይ የተባለው ጥርስ፣ ዙሪያውን ፕላኔቶቹ፣ እነሱን የተሸከመው ማቀፊያ፣ ከውጭ ደግሞ ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ ቀለበት። ጥርሶቹ ከቶ አይላቀቁም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የትኛው ተይዞ መቆሙ ነው። ቀለበቱ ተይዞ ፀሐይዋ ስትዞር ማቀፊያው በዝግታ፣ በጉልበት ይዞራል። ከክፍሎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ከተቆለፉ ሁሉም እንደ አንድ አካል ይሽከረከራል። ማቀፊያው ከተያዘ ቀለበቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ያዡ በዘይት ግፊት የሚጨመቅ ፍሪሲዮን ወይም ቀበቶ ነው፤ ዘይቱን የሚያሳልፈው ደግሞ በብረት ቀዳዳ ውስጥ የሚንሸራተት፣ ከጣት የማይበልጥ ቫልቭ ነው።

«ውሳኔው» ካለ ያለው እዚህ ቫልቭ ላይ ነው። በአንድ ጫፉ ሞላ ይገፋዋል፤ ሹፌሩ ነዳጅ በረገጠ መጠን የሚጨምር የዘይት ግፊትም ሞላውን ያግዛል። በሌላው ጫፍ ጋቨርነር የተባለው፣ ፍጥነቱን የሚከታተለው ክፍል የሚልከው ግፊት አለ፤ መኪናው ሲፈጥን የጋቨርነሩ ክብደቶች ወደ ውጭ ይከፈቱና ግፊቱ ያድጋል። ይሄኛው ሲያሸንፍ ቫልቩ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ያልፋል፣ ማርሹ ይቀየራል። ዳገት ላይ ነዳጁ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ተመልሶ ይገፋና ማርሹ ይወርዳል። ድንቅ ብልሃት ነው፤ ብልሃቱ ግን የሠሪው ነው።

አሁን ሞላው ላላ እንበል። ማርሹ ያለጊዜው ወደ ላይ ይገባል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ እየተንገጫገጨ ይደክማል። ተበላሸ እንላለን። ለቫልቩ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ እንደ ዱሮው ለበለጠው ግፊት ታዟል። ብልሽት የሚሆነው ለሹፌሩና ለመሐንዲሱ ነው፣ መለኪያው እነሱ ዘንድ ነውና። አሪስቶትል በ«ፊዚክስ» ሁለተኛ መጽሐፉ የእንጨት አልጋ ተቀብሮ ቢያቆጠቁጥ የሚበቅለው እንጨት እንጂ አልጋ አይደለም የሚለውን የአንቲፎን ክርክር ያነሳል። አልጋነቱ ከሠሪው ነው፤ የካምቢዮው ትክክለኛነትም እንደዚያው። መሳሳት የማይችል ነገር ደግሞ ወሰነ አይባልም።

የዛሬው ካምቢዮ እንዲህ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የጋቨርነሩንና የሞላውን ሥራ ኮምፒውተር ተረክቦታል፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ያርማሉ። ፍሪሲዮኑ እየሳሳ ሲሄድ ማርሽ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ለክቶ በሚቀጥለው ጊዜ ግፊቱን ያስተካክላል። እዚህ ላይ ስህተቱ ለዕቃው ለራሱ የሚታወቀው ይመስላል፤ ከቫልቩ የበለጠ ነገር መኖሩን አልክድም። ግን የሚያርመው ምኑን ነው? ወደ ተሰጠው ቁጥር የሚደርስበትን መንገድ እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ቁጥሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ተመረጠ ወይስ ለፍጥነት፣ መመረጡስ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው እሱ ዘንድ ጥያቄ ሆኖ አይነሳም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሰውስ ዓላማውን ራሱ አወጣው? ረሃብን፣ ፍርሃትን፣ ልጅ መውደድን አንዱ ከፈጣሪ፣ ሌላው ከተፈጥሮ ተሰጡን ይላል፤ እኛም ሌላ በሠራው ሞላ የምንገፋ አይደለንም ወይ? ጾምን እንይ። በሁዳዴ የራበው ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ አይበላም። ይህ ብቻውን ነፃነትን አያስረዳም፤ ተከራካሪው «ረሃቡን ልማድና የጎረቤት ዓይን በለጡት» ይላል፤ ለብዙ ጿሚም ልክ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚለየው ጾሙ ራሱ ሲመረመር ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሳቸው ሰዎች ጾም ሽረው አይደለም፤ እየጾሙ ይጣላሉ፣ ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቃሉ። ወቀሳው ሥርዓቱ ተጠብቆ ሳለ ጾሙ ጾም መሆኑ ቀርቷል የሚል ነው። ሰሚው ሊያፍር፣ ሊሟገት ወይም ልቡን ሊያደነድን ይችላል፤ ሦስቱም ወቀሳው ለገባው ሰው ብቻ ክፍት ናቸው። ዓላማው ከሌላ ቢመጣም የራስ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወቀሳ የሚገባው ማሽን ቢመጣ፣ ከብረት ተሠራህ ብዬ አልከለክለውም፤ ያን ጊዜ ግን ተጠያቂነቱም አብሮ ይከተለዋል። እስከዚያው ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ሳያወርድ ዲ ላይ ትቶ ፍሬኑን ያጋለ ሹፌር «ካምቢዮው ነው» ቢል፣ የሚጠየቁት እሱና ካምቢዮውን የሠሩት ሰዎች ናቸው።