«ሆድ ይፍጀው» ያለ ልጅ ጨዋ ነውን?

የልጁን የትምህርት ቤት ካርድ ይዞ ድንበር የተሻገረ ወላጅ ቢኖር አውጥቶ ይመልከተው። ከሒሳብና ከአማርኛ በታች «ጠባይ» የሚል መስመር ያገኛል። ለመሆኑ መምህሩ እዚያ ላይ የሚጽፈው ፊደል የሚመዝነው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዝምታን ነው። ያልረበሸ፣ ያልተጣላ፣ ሲጠሩት «አቤት» ያለ ልጅ «ኤ» ያገኛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀው ግን የለም። ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለንም «የክፍል አያያዝ» ተብሎ የተማርነው በአብዛኛው ጸጥታን ስለ ማስከበር ነበር።

ይህን ማንሣት በሰላም ቀዬ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በገዳሪፍ ዙሪያ ግን እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል የተሻገሩት ልጆች፣ በ1980ዎቹ ስደተኞች የሰፈሩበትና በ2000 የተዘጋው ኡም ራኩባ እንደገና ሲከፈትላቸው፣ ደብተር ከመያዛቸው በፊት ብዙ ነገር አይተው ነበር። በአፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍ መጡ። እንዲህ ያለውን ያየ ልጅ ክፍል ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ በትንሽ ነገር ድንጋይ ያነሣል፣ ሌላው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን እናባርረዋለን፣ ሁለተኛውን «ጨዋ» እንለዋለን። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ ነግሮናል።

ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990 «የስሜት ብልህነት» ያሉት ነገር የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ በዚያም አስተሳሰብንና ድርጊትን መምራት ነው። ካሮሊን ማካንና ባልደረቦቿ በ2020 ባወጡት ሥራ፣ በ27 አገሮች ከ42 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የያዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ ይህ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች በትምህርት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አገኙ። ግንኙነቱ መጠነኛ ነው፤ ሒሳብን የሚተካ መድኃኒት አድርጎ የሚሰብክ ቢመጣ አትመኑት። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የፈራ ልጅ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ቢያነበውም አይገባውም፤ የከፋው ልጅ «አልገባኝም» ለማለት እጁን አያወጣም።

የሚገርመው ቋንቋችን ለዚህ ነገር ድሃ አለመሆኑ ነው። ሆድ ባሰው፣ ሆዱ ባባ፣ ሆዱ ሻከረ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆደ ሰፊ እንላለን፤ እያንዳንዱ የተለየ ነው። ይህ ሁሉ ስም እያለን ለልጁ የምንሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «ቻለው፣ ሆድ ይፍጀው»። መምህሩ «ለምን መታኸው?» ብሎ አርጩሜ ከመቁረጡ በፊት «ሆድ ብሶህ ነው፣ ፈርተህ ነው፣ ወይስ ንቆህ?» ቢል ልጁ ቃል ያገኛል። ይህ ጠመኔ እንኳ አይጠይቅም። ጥግ የያዘውንም ልጅ «ኤ» ከመስጠት በፊት እንዲሁ መጠየቅ ይገባል።

አንድ ወዳጄ ግን ጠንካራ ክርክር አለው። «ልጁ የተቆጣው በእውነት ስለ ተበደለ ነው፤ ቤቱን ላጣ ልጅ ቁጣህን ግራ ማለት በደልን ልመድ ማለት አይሆንምን?» ይላል። በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መምህሩ «ረጋ በል» የሚለው ለገዛ ጸጥታው ብሎ ከሆነ ወዳጄ ልክ ነው። ነገር ግን ቁጣን ማወቅ ቁጣን ማጥፋት አይደለም። በማን፣ ስለ ምን እንደ ተቆጣ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ድንጋዩን በራሱ ቢጤ ላይ አይወረውርም፤ ቤቱን ያሳጣው አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ አይደለምና። ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። ለሚቀጥለው እትም መልሱን ቢጽፍ ገጹ ክፍት ነው።