ላብ የሌለው ድል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የተተረተው ለሰው ነው። ነገር ግን ሲሮጥ ታጥቆ፣ ሲሮጥ አስቦ፣ ሲሮጥ ወስኖ ምንም የማይፈታበት ባላጋራ ቢመጣስ? ያን ጊዜ ምን እንላለን? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ተራ ጨዋታ ቢመስላችሁ ገጹን ለማለፍ አትቸኩሉ፤ እኛም መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር።

ጉዳዩ የተነሳው በክረምቱ ዕረፍት በዴሳ ነው። በዴሳ፣ ለማታውቋት፣ ከሶዶ በስተምሥራቅ ያለች፣ የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማችን ናት። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን አራት ጓደኛሞች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ስታርክራፍት ሁለት የተባለውን ጨዋታ እንጫወት ነበር። ይህ ተራ የማይጠበቅበት የስልት ጨዋታ ነው። በቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል። እዚህ ግን ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ማዕድን ያስቆፍራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጦር ያደራጃል፣ ሰላይ ይልካል። የባላጋራህ ምድር በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ሰው ልከህ ካላስቃኘህ አታየውም። አስቤ ልጨርስ ብትል ጊዜው አይጠብቅህም፤ ሳትወስን የቀረህበት ደቂቃም ራሱ ውሳኔ ሆኖ ይቆጠርብሃል።

ከመካከላችን አንዱ፣ በሰፈሩ የሚደፍረው ያልነበረ ልጅ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ገጠመ። ተሸነፈ። ደገመ፤ ተሸነፈ። ሠለሰ፤ ያው። በመጨረሻ ላፕቶፑን ጠርቀም አድርጎ ዘጋና «በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም፤ ምን ዋጋ አለው?» አለ። በዚህ ቢያበቃ ስቀን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ነገሩን ወደ ትምህርቱ አዞረው። «አራት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ። ፕሮግራም የሚጽፍ ማሽን ደግሞ መጥቷል። ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው የምማረው?» አለን። መልስ አጣን። ቡናው ቀረበ፣ በቆሎው ተቆላ፣ ክርክሩም እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። ከዚያ ወዲህም አልተወንም። የደረስንበትን ከነጉድለቱ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው መልሳችን «ተጭበርብረሃል!» የሚል ነበር። እውነትም ነበር። በዚህ ጨዋታ ከከባዱ የኮምፒዩተር ደረጃ በላይ ሌሎች ሦስት ደረጃዎች አሉ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ያለ ሐፍረት «አጭበርባሪ» ብለው ሰይመዋቸዋል። የመጀመሪያው ጭጋጉ አይመለከተውም፤ ካርታውን ሁሉ እንደ መዳፉ ያያል። ከሱ በላይ ላሉት ደግሞ ሀብትም ይጨመርላቸዋል። ጓደኛችን የገጠመው ከነዚህ ዋናውን ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓይን እየተዋጋ በሁለት ዓይን በተዋጋ፣ ያውም ስንቅ በተጨመረለት ተሸነፈ ማለት ነው። ይህ ሽንፈት ሊባል አይችልም፤ በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

ዳሩ ግን መጽናኛው ብዙ አልቆየም። «እሺ፣ ያላጭበረበረ ማሽን ሰውን አሸንፎ ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ።

አዎን፣ አሸንፏል። በግንቦት 1989 ዓ.ም. ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የቼዙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3 ተኩል ለ2 ተኩል ረታ። በ2008 ዓ.ም. አልፋጎ የጎ ጨዋታውን ሊቅ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 አሸነፈ። እነዚህ ግን ተራ የሚጠበቅባቸው፣ ሰሌዳው ሁሉ ፊት ለፊት የሚታይባቸው ጨዋታዎች ናቸው። «ጭጋግ ባለበት፣ ጊዜ በማይጠብቅበት ሜዳ ሰው ይሻላል» ይባል ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ግን ዲፕማይንድ የተባለው የለንደን ኩባንያ አልፋስታር የተሰኘ ቦቱን በስታርክራፍት ሁለት ከሁለት ባለሙያዎች ጋር አጋጠመ፤ አንዱ ቲኤልኦ የሚባለው ጀርመናዊ፣ ሌላው ማና የሚባለው ፖላንዳዊ ነበሩ። ሁለቱንም 5 ለ0 አሸነፋቸው። ውጤቱ በሚቀጥለው ጥር ለዓለም ተገለጠ።

እዚህ ላይ የሰው ወገን ጠበቆች ተነሱ፤ እኛም ከነሱ ጋር ተነሳን። ክሱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሰው ስክሪኑን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ የሚያየውን ማሽኑ ለሱ ክፍት የሆነውን የሜዳ ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ ያይ ነበር። ሁለተኛ፣ በአማካይ ሲታይ በደቂቃ የሚሰጠው ትእዛዝ ወደ 280 ገደማ ሆኖ ከማና 390 ያነሰ ቢሆንም፣ ውጊያ ሲጋጋል ግን ለጥቂት ቅጽበት ከ1,000 በላይ ይደርስ ነበር። ያውም እያንዳንዷ ትእዛዝ ያለ ስህተት። የሰው ጣት በችኮላ ይስታል፤ የማሽን «ጣት» አይስትም። በጥር በተደረገው የቀጥታ ግጥሚያ ማሽኑ እንደ ሰው ስክሪን እያንቀሳቀሰ እንዲያይ ሲደረግ ማና አሸነፈው። አሸናፊነቱም የሚገርም ነበር፤ ጥቂት ወታደሮች በበራሪ መርከብ ጭኖ ከማሽኑ ሰፈር ጓሮ ያወርዳል፣ ማሽኑ ጦሩን ሁሉ ይዞ ሲመለስ ጭኖ ይሸሻል፣ ሲሄድለት መልሶ ያወርዳል። ያ የ«አዋቂ» ጦር ውሻ እንደሚያጫውቱት ድመት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቀረ። እኛም ይህን ስናይ አጨበጨብን።

ነገር ግን በዚህ ጭብጨባ ላይ ብናቆም ራሳችንን እናታልላለን። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አልፋስታር ዳግመኛ ሲቀርብ እይታውም እንደ ሰው በስክሪን ተወስኖ፣ ትእዛዙም በአምስት ሴኮንድ ከ22 እንዳያልፍ ተገድቦ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ደረጃ ከተሰጣቸው ተጫዋቾች 99.8 በመቶውን በለጠ። እንግዲህ «ፍጥነቱ ነው እንጂ ብልሃት የለውም» የሚለው ሰበብ አበቃ። ሰበብ የሙጥኝ ማለት ደግሞ ለተማሪ አይገባም፤ እውነቱን ተቀብሎ ቀጥሎ ያለውን መጠየቅ ይሻላል።

የቀጠለው ጥያቄ ይህ ነው፦ ድሉ የማን ላብ ነው?

አልፋስታር ከባዶ አልተነሳም። መጀመሪያ የተማረው ስማቸው ተደልዞ ከተቀመጠ የብዙ ሺህ ሰዎች የጨዋታ ቅጂ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በብዙ መልክ እየተባዛ እርስ በርሱ የተጋጠመው። በጥር ለቀረቡት ቦቶች በ14 ቀን ልምምድ ለእያንዳንዳቸው እስከ 200 ዓመት የሚደርስ ጨዋታ አስቆጥረዋል። ስለዚህ ማና ፊት የተቀመጠው አንድ ማሽን ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው ሌሊት ሳይተኙ የተጫወቱ፣ ማንም ያላመሰገናቸው ወጣቶች ተሰልፈዋል። እኛ አገር ይህን ነገር እናውቀዋለን። ለአንድ ሰው ማሳ አገር ተሰብስቦ ሲያርስ ደቦ ነው። ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ ሲሆን ደግሞ ወንፈል ነው። ከመካከላችን አንዱ «ማሽኑ ደቦውን በላ፣ ወንፈሉን ግን አልመለሰም» አለ። ሌላው ግን «መለሰ እንጂ!» ብሎ ተከራከረ። አልፋስታር ባለሙያዎቹ ይበቃል ከሚሉት በላይ ሠራተኛ እያበዛ ማዕድን ያስቆፍር ነበር፤ ይህን ያዩ ተጫዋቾች የቆየ ልማዳቸውን እንደገና እንዲመረምሩ አደረጋቸው። ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወንፈሉ የተመለሰው የሰው ልጅ አይቶ ስለተማረ ነው። መጫወት ትቶ ላፕቶፑን የዘጋ ግን የማሽኑንም ወንፈል አይቀበልም።

ከዚህ ላይ አንድ የተረሳ ጨዋታ ልናስታውሳችሁ እንወዳለን፤ ጥያቄያችንን የፈታልን እሱ ነውና። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ለብዙዎቻችን ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ነው። በጥንቱ ጊዜ ግን ሰንጠረዥ በመኳንንቱ ቤት የሚወደድ የኢትዮጵያ ቼዝ ነበር። በኛ በወላይታ ሽማግሌዎች ዘንድ የሚታወቀው ይልቁንም ገበጣው ነው። ስለ ሁለቱም በሰፊው የጻፉት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የሰንጠረዥ አጀማመር የሚያስገርም ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እጁ በቻለው ፍጥነት መደቆቹንና ፈረሶቹን ያሰልፋል። ባላጋራው ሲያሰልፍ እያየ የራሱንም ይለውጣል። አንዱ የሌላውን መደቅ ሲበላ ብቻ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። የዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስሙ ወረራ ነው። እንግዲህ ተራ የማይጠበቅበት የስልት ጨዋታ ኮምፒዩተር ይዞት የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን በጨርቅ ሰሌዳ ላይ ሲጫወቱት ኖረዋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን ግን አጨራረሱ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሡን መያዝ ብቻውን ክብር አያሰጥም ነበር። ዛሬ ሩክ በምንለው በደር ወይም በፈረስ፣ ማለትም በብርቱዎቹ የተጨረሰ ጨዋታ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ትንሽ ትንሽ በሚራመዱት በፈርዝና በፊል የጨረሰ ግን ይወደሳል። በደካማው ያሸነፈ ከበርቱው ጋር ካሸነፈ ይበልጣል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ማሸነፍንና በሚገባ ማሸነፍን ለይተው ያውቁ ነበር። ለአልፋስታር ግን የተሰጠው ሂሳብ አጭር ነው፤ ካሸነፍህ አንድ፣ ከተሸነፍህ ከዜሮ በታች አንድ። «ማሽኑንስ በደካማው አሸንፍ ብንለው አይችልም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይችላል! ከኛም ይበልጥ ይችል ይሆናል። ግን እንዲህ ያለው ድል ይበልጣል ብሎ የወሰነው ማነው? እኛው ነን። ማሽኑ ድል እንዴት እንደሚገኝ ያሳየናል፤ የትኛው ድል መፈለግ እንደሚገባው የሚወስነው ግን ድሉንም ሽንፈቱንም የሚሸከመው ነው።

ለወላይታ ልጅ ደግሞ ወረራ የሚለው ቃል የጨዋታ ቃል ብቻ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ሲመጣ ካዎ ጦና ከሕዝባቸው ጋር ተዋግተው፣ ጠመንጃ በበዛለት ጦር ተሸንፈው ቆስለው ተማረኩ። የቂም ድንጋይ ለመወርወር አይደለም ይህን የምናነሳው። ግን እስኪ እንጠይቅ፤ ጦር በጠመንጃ ስለተሸነፈ ጦር የያዘው ሰው ዋጋ አነሰ ወይ? የልጅ ልጆቹ ቋንቋውን፣ እርሻውን፣ ዕውቀቱን ይተው ወይ? ማንም አዎን አይልም። ድል የመሣሪያን ብርታት ይመዝናል እንጂ የተሸናፊውን ዋጋ አይመዝንም። ይህን አያቶቻችን በደማቸው ያወቁትን፣ እኛ በአንድ ላፕቶፕ ፊት እንዴት ረሳነው?

ሊ ሴዶል በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከሙያው ሲሰናበት፣ አንደኛ ብሆን እንኳ ከበላዬ የማይሸነፍ አለ የሚል ስሜቱን ገልጾ ነበር። አንፈርድበትም፤ ዕድሜ ልኩን ለአንደኝነት የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ቼዝ አልሞተም፤ ማሽኑ ከሁሉም እንደሚበልጥ እያወቁ ሚሊዮኖች ይጫወታሉ። ለምን? መጫወቱ የሚለውጠው ተጫዋቹን ስለሆነ ነው። የሚያስበው ራስ፣ የሚጣደፈው ልብ፣ ሲሸነፍ የሚያፍረው ፊት የሰውየው ናቸው። የማሽኑ 200 ዓመት ላብ የለውም፤ የኛ አንድ ከሰዓት ግን ላብ አለው።

ለጓደኛችን የሰጠነው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ማሽኑ አይበልጥህም አላልነውም፤ ውሸት ይሆን ነበር። ሥራ አታጣም ብለንም አልማልንለትም፤ ያ ሌላ፣ ከባድ ክርክር ነውና ለብቻው ይጻፍበታል። ያልነው እንዲህ ነው፦ የምትማረው ማሽኑን ለመቅደም ብቻ ከሆነ አሁኑኑ ተው፤ ተቀድመሃል። የምትማረው ግን ማሽኑ ምን እንዲያሸንፍ መታዘዝ እንዳለበት፣ በማን ላብ እንደተማረ፣ «አጭበርባሪ» ሲሆንም አጭበርባሪ ብሎ የሚጠራው ሰው እንዳይጠፋ ከሆነ ገና አልተጀመረም። ሁላችንም ለአንደኝነት ብቻ ብንሮጥ ሁለተኛ ደረጃ ማሽኖች ሆነን እንቀራለን። ይህ ደግሞ ማሽኑ ያመጣብን ሽንፈት ሳይሆን በገዛ እጃችን የፈረምነው ነው።

ጓደኛችን አልተረታም። «ቆንጆ ንግግር ነው፤ ሆድ ግን አይሞላም» አለን። ልክ ነው፣ አይሞላም። በማግስቱ ግን ዝናቡ ሲያባራ ከደጅ ወጥቶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጋር ገበጣ ተቀመጠ። አባባ ሦስት ጊዜ አሸነፉት። ላፕቶፑን እንደዘጋው ገበጣውን አልዘጋም፤ ጠጠሮቹን በእፍኙ ሰብስቦ «አንድ ጊዜ እንድገም፣ አባባ» አለ።

ከኛ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከር።