የመጀመሪያዋ ካራና የሠሪዋ ስም

ሰው አንድን ዕቃ ከልቡ እየወደደ ያንኑ ዕቃ የሠራውን እጅ ሊንቅ ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የፍልስፍና ትምህርት አይደለም፤ ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ካራ ናት።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በፋሲካ ዋዜማ፥ አያቴ የቤታችንን ቢላዋ አስልቼ እንድመጣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደሚኖር አንድ ባለእጅ ላከችኝ። «ቢላዋውን ሰጥተህ ከደጅ ቁም፤ ዓይን ዓይኑን እንዳታይ፤ ቢሰጥህም እንዳትቀምስ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ግን ልጅ ነኝና የወናፉን ትንፋሽ ስሰማ ደጅ መቆሙን ረሳሁት።

ሰውየው ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት በጉጠት ይዞ በከሰሉ ውስጥ ያገላብጥ ነበር። «ልጄ፥ ቀለሙን እይ፤ ብረት የሚናገረው በቀለሙ ነው» አለኝ። ብረቱ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል አውጥቶ ቀጠቀጠው፤ ቅርፁን ከያዘ በኋላም እንደገና አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው። ሥራው በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካስ ውኃ የጠጣ ብረት እጅግ ይጠነክራል እንጂ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ስለዚህ በለዘብተኛ እሳት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ካነሰ ስለቱ ይሸረፋል፤ ከበዛም ይታጠፋል። ልኩን የሚነግረው ምንም መሣሪያ አልነበረውም፤ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። አያቴ እንዳላየው የከለከለችኝ ያው ዓይን!

ልሄድ ስነሣ፥ ከቁርጥራጭ ብረት ሠርቶ ያስቀመጣትን፥ እጀታዋ የበሬ ቀንድ የሆነውን ትንሽ ካራ «እርሳስህን ቅረጽባት» ብሎ ያለ ዋጋ ሰጠኝ። አያቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ካራዋን በአመድ አሸቻት፥ በፈላ ውኃም ደጋግማ አጠበቻት። ከዚያ በኋላ ግን ስለቷን በአውራ ጣቷ ሞከረችና ለዶሮው ወጥ ሽንኩርት ከተፈችባት። «አቤት አቆራረጧ!» ማለቷንም አልረሳሁም።

የመሰብሰብ ፍቅሬ የጀመረው በዚያች ካራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሳንቲም ሁሉ ለስለት አዋልኩት። ከባቲ የሰኞ ገበያ የአፋር ወንዶች በወገባቸው የሚታጠቁትን፥ በሁለት ወገን የተሳለውን ቆልማማ ጊሌ ከነሰገባው ገዛሁ። ከአምባሰል ገበሬ እጀታው በጠፍር የተጠመጠመ ካራ፥ ከአንድ ዘመዴ ዝገት የበላው ጎራዴ፥ ከደሴም ሰንጢዎች አገኘሁ። በጠቅላላው 17 ሆኑ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት አስሬ የተገኘበትን ቦታ፥ አገልግሎቱን፥ ዋጋውንና ቀኑን ጻፍኩ። ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ ብዬም ተመጻደቅሁ።

ወረቀቶቼ ላይ የጎደለውን ያየሁት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር በሄድን ጊዜ ነው። እንደምታውቁት አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት ይህ ገዳም ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በመጻሕፍቱና በትምህርቱ ነው። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፥ ጸሐፊው መጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን አኑሮ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል፤ ያስጻፈውም ሰው እንዲሁ ይጠቀሳል። ታዲያ ብራናውን የፋቀው ስለት፥ መቃውን የቀረጸው ካራ ከወዴት መጣ? ያለ እርሱ አንዲት ፊደል ባልተጻፈች ነበር፤ ስሙን ግን የትኛውም ገጽ ላይ አናገኘውም። ወደ ቤት ተመልሼ 17ቱን ወረቀቶች አገላበጥኩ። የገዛሁባቸውን ሰዎች ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የሠሪ ስም ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «መሶብ ላይስ የሰፋችው ሴት ስም አለን?» አለ። እውነት ነው፤ ስም አለመጻፉ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። ነገር ግን መሶቡን የሰፋችው ማን እንደሆነች መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሙያዋ ይነሣል፥ ልጇም በእርሱ ምክንያት ይመረጣል። የቀጥቃጭ ልጅ ግን በአባቱ ሙያ ምክንያት ይሸሻል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ወሎ በመቻቻሉ የተመሰገነ አገር ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየራሱ ሥርዓት ባርኮ ያርዳል፤ በሠርግና በለቅሶ ግን አብሮ ይውላል። ሁለቱም የሚያርዱበትን ቢላዋ የሚሠራው ያው አንዱ ባለእጅ ሆኖ ሳለ፥ እርሱን «ቡዳ ነው» ብሎ በመራቅ ረገድ ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ የሚስማሙበት ሌላ ነገር የጠፋ ይመስል! «ባለእጅ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምረው። የእጅ ባለቤት መባል ስድብ የሆነው በምን ሒሳብ ነው?

አንዳንዶች ከመጽሐፍ ማስረጃ ያመጣሉ፤ የመጀመሪያው ብረት ሠሪ ቱባልቃይን ከቃየል ዘር ነው ይላሉ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 እንዲህ ማለቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ የከብት አርቢዎች አባት ያባልና የበገና ደርዳሪዎች አባት ዩባል የቱባልቃይን ወንድሞች ናቸው። ባለ ብዙ ከብቱን «ጌታዬ» እንለዋለን፤ በገና ሲደረደርም እናለቅሳለን። ከሦስቱ ወንድሞች የቃየል ዘር የሚሆነው ብረት ሠሪው ብቻ ነውን? ደግሞ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ እስራኤል ብረት ሠሪ ባልነበረው ጊዜ ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደነበር እናነባለን። ባለእጁን ያጣ ሕዝብ የሚደርስበትን ውርደት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን መሆኑንም በምክንያትነት አንሥተዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አያቴ ግን ካራዋን በአመድ አሽታለች።

ስለ ራሴ ጥፋት ደግሞ ልናገር። ከእኛ ሩቅ ባልሆነው በደላንታ ሜዳ፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም፥ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ዕቃ በጨረታ ሸጧል። ዕቃውን ያጓጓዙት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ነበሩ ይባላል። ይህን ሳነብ እቈጣ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ቤታችንን ጥለን ወጣን። እናቴ ከወጥ ቤት ያነሣችው ያችን የመጀመሪያዋን ካራ ነው፤ ለመንገድ እንጀራና ሽንኩርት መቁረጫ ትሆናለች ብላ። ስንመለስ ሳጥኔ ባዶ ነበር። ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ቀርተዋል። ካራዎቹን የወሰደው ሰው ስሜን ለማወቅ አልፈለገም፤ ምን ያደርግለታል? በጣም አዘንኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ እኔስ የማንን ስም ፈልጌ ነበር? እኔ ዋጋ ከፍያለሁ፥ እነርሱ ዘርፈዋል፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፥ አልክድም። ሆኖም ዋጋ መክፈል ብቻ ከባለቤቱ ጋር አያስተዋውቅም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስመጣ ወደዚያ መንገድ ሄድኩ። ሰውየው ዐርፏል። ወናፉ የለም፤ ልጁ ባጃጅ ይነዳል። ካራዋን ከኪሴ አውጥቼ ሳሳየው ቀንዱን በጣቱ ዳሰሰና «የአባባ ናት፤ ምስማሩን እንዲህ አጋድሞ የሚመታው እርሱ ብቻ ነበር» አለ። ከደጅ እንዳልቆም ለምኖኝ ገባሁ፤ ቡናም ጠጣሁ። የአባቱን ስም ጠየቅሁት፥ ነገረኝ፤ ለካራዋም አዲስ ወረቀት አስሬ በጉልህ ጻፍኩት።

በዚህ ጽሑፍ ላይም ላወጣው አስቤ ነበር። «እባክህን ወንድሜ፥ እርሱን ተወው» አለኝ። እኅቱ በጥር ልትዳር ነው፤ የሙሽራው ወገኖች የአባቷን ሙያ ገና አልሰሙም።