የማይዘጋ ገበያና የዕረፍት ቀን

የአሜሪካ አክሲዮኖች መደበኛ ግብይት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ተጀምሮ ከምሽቱ 5፡00 ያበቃል፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ ግን ገዥና ሻጭ የሚያንስበት፣ ከረፋዱ 5፡00 እስከ ሌሊቱ 9፡00 የሚዘልቅ የተራዘመ ግብይት አለ። የቡታጅራ ሙስሊም የጁምዓ አዛን ሲሰማ ይህ ገበያ ክፍት ነው፤ ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ ቀዳሚት ሰንበት ገባች ብሎ ሥራውን የሚያቆም የወልቂጤ ኦርቶዶክሳዊም ግብይቱ ገና ሲጋጋል ያገኘዋል። በውጭ አክሲዮን ገንዘብ ማፍሰስን የሚመለከተው የምንዛሪ ሕግ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚመረመረው ገበያው ሳይዘጋ የሚያርፍ ሰው ዕረፍት ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ሁለቱም ሃይማኖቶች ንግድን አልጠሉም። ቁርኣን በአል ጁሙዓ ምዕራፍ ጥሪው ሲሰማ መገበያየትን እንዲተው ያዘዘውን ሰው፣ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ተበትኖ ሲሳዩን እንዲፈልግ ይፈቅድለታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ነህምያ ሰንበት ሳይገባ የኢየሩሳሌምን በሮች አዘጋ እንጂ እያንዳንዱ ነጋዴ በየልቡ እንዲያርፍ በመምከር ብቻ አልተወሰነም፤ ሸቀጣቸውን ይዘው ከቅጥሩ ውጭ ያደሩትንም አስጠነቀቀ። በር ለሁሉም ሲዘጋ አንዱ በሌላው ዕረፍት አያተርፍም። የጉራጌ ነጋዴ ለመስቀል የመርካቶ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ሲገባ ልቡ የሚያርፈው፣ ጎረቤቱና ተፎካካሪውም ቁልፋቸውን በኪሳቸው ይዘው በዚያው መንገድ ስለሚሄዱ ነው።

በተራዘመው ግብይት ግን ይህ የጋራ በር የለም። ብዙ ኩባንያዎች የትርፍና ኪሳራ መግለጫቸውን የሚያወጡት መደበኛው ሰዓት ካበቃ በኋላ በመሆኑ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘል ወይም ሊወድቅ ይችላል፤ የተኛ ሰው ኪሳራውን ለብቻው ይሸከማል። ለዚህ መፍትሔ ተደርጎ የሚቀርበው የዋጋ ገደብ ትእዛዝ፣ ማለትም ከዚህ ዋጋ በላይ አትግዛ ወይም በታች አትሽጥ ብሎ አስቀድሞ የሚሰጥ መመሪያ ነው። በጁምዓ ጥሪ ጊዜ የተፈጸመ ሽያጭ ኃጢአት ቢሆንም ውሉ ይጸናል የሚሉት የሻፊዒና የሐነፊ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት፣ ውሉን ከሚያፈርሱት ከማሊኪና ከሐንበሊ ጋር የተለያዩት ስለ ሰው ለሰው ሽያጭ ነው፤ ሰውየው እየሰገደ ሳለ ትእዛዙ ብቻውን ቢፈጸም ግን ጥያቄው ከእጁ ወደ ልቡ ይሻገራል። ነቢዩ አሞጽ ከሐሰተኛው ሚዛን ጋር አብሮ የወቀሰው ስንዴ ለመሸጥ ሰንበት መቼ ያልፋል እያሉ መቁጠርን ነው፤ በዚያ ሰዓት ገና ምንም አልተሸጠም ነበር።