ጊዜዋን የምታውቅ ወፍ
በመጋቢት ወር ሽመላዎች ከአፍሪቃ ተነሥተው፥ የዓባይን ሸለቆና የሲናን በረሃ አልፈው፥ በእስራኤል ሰማይ ላይ ወደ አውሮጳ ሲመለሱ ያየ ሰው፥ ነቢዩ ኤርምያስ ይህችን ወፍ ለዘነጋ ሕዝብ መገሠጫ ያደረጋት ስለ ምን እንደ ሆነ ያስተውላል። ከምድር የሚነሣው ሙቅ አየር ክንፏን ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣታል፤ ይህም አየር በሰፊ ባሕር ላይ ስለማይገኝ፥ የሜዲትራንያንን ባሕር ዞራ እንጂ አቋርጣ አትሄድም። እ.ኤ.አ. በ1822 አፍሪቃዊ ጦር በአንገቷ እንደ ተሰካ ጀርመን አገር የደረሰች ሽመላ እስክትገኝ ድረስ፥ ወፎች በአውሮጳ የብርድ ወራት ወዴት እንደሚሰወሩ ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር።

እንግዲህ ጊዜዋን በባሕርይዋ የምታውቅ ፍጥረት ጠቢብ ትባላለችን? ዐውሎ ነፋስ ከጎዳናዋ አውጥቶ በባዕድ አገር የሚጥላት ወፍ ለተመልካች ብርቅ፥ ለራሷ ግን መከራ ናት፤ ሆኖም መሳቷ በደል አይሆንባትም፥ ፈቃድ የለበትምና። ሰው ግን ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ጊዜን ማወቅ ለወፍ ባሕርይ ሲሆን ለሰው ምግባር ነው፤ የነቢዩም ተግሣጽ የጸናው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።