የኡሙ አይመን የተምር ዛፎች

 

ስለ ሐበሻና ስለ ኢስላም ሲወራ መጀመሪያ የሚነሱት ንጉሥ ነጃሺ ናቸው፣ ቀጥሎ ቢላል (ረ.ዐ)። ሐቃቸው ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት አያት ላውራችሁ። ዘሯ ከሐበሻ ነው፤ መካ ኖራ መዲና አረጀች፤ በሰው አገር ወለደች፣ የልጅ ልጅም አየች። ስሟ በረካ ነው። በበኩር ልጇ ስም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) እያልን እናውቃታለን።

እሷ ዓረብ አገር በቪዛና በውል የገባች አይደለችም። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብዱላህ ባሪያ ነበረች። ዐብዱላህ ልጁ ሳይወለድ ሞተ። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ አሚና ከመዲና ስትመለስ አብዋእ ላይ ሞተች። በዚያ መንገድ አብራ የነበረችው፣ ወላጅ አልባውን ልጅ ይዛ መካ ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብ ያስረከበችው ይህቺ ሐበሻ ናት። እሳቸውም ሲያድጉ ነጻ አወጧት። ከመጀመሪያ ባሏ አይመንን ወለደች፤ ኋላ ዘይድ ኢብን ሓሪሣን አግብታ ኡሳማን ወለደች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወላጅ እናታቸው ቀጥላ እናታቸው እሷ እንደሆነች ይናገሩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል።

ቤቷ ሄደው ይጠይቋትም ነበር። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አነስ (ረ.ዐ) አንድ ቀን አብሯቸው ሄዷል። ዕቃ ውስጥ የሚጠጣ ነገር ሰጠቻቸው። ጾመኛ ነበሩ ወይስ አላሰኛቸውም፣ አነስ እርግጠኛ አይደለም፤ ብቻ አልጠጡም። እሷም ጮኸችባቸው፣ ተቆጣቻቸው። ሱብሓነላህ! በአላህ መልክተኛ ላይ! እኔ ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር የጎጃም አያቶች ናቸው ትዝ የሚሉኝ፤ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል» ብለው ከእንግዳ ጋር የሚጣሉት። ጩኸቷ የባለቤትነት ነው። ቤቴ ነው፣ ልጄም ነህ ማለቷ ነው። ባዕድ አገር ያለ ሰው እንዲህ የሚቆጣው ቤተሰብ ሲኖረው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሙሃጂሮች ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው አካፍለዋቸዋል። የአነስ ቤተሰቦች ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧቸውን ዛፎች እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧት። ኋላ አላህ ሲያሰፋላቸው ለአንሷሮች ንብረታቸው ይመለስ ጀመር። አነስም ዛፎቹን ሊጠይቅ መጣ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ኡሙ አይመን ይህን ስትሰማ መጥታ ልብሱን አንገቱ ላይ አድርጋ ያዘችው፤ ለእኔ የተሰጠ ነው፣ በአላህ አይሰጥህም አለች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምትኩ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ ይሏታል፣ እሷ አይሆንም ትላለች። ይጨምራሉ፣ አይሆንም ትላለች። እንዲህ እያሉ ዐሥር እጥፍ ያህል እስኪደርስ ሰጧት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «አንቺ አሮጊት፣ ባሪያ ነበርሽ፣ ነጻ አወጣንሽ፣ ደግሞ ዛፍ?» አላሏትም። ስግብግብ ብለው አላሳፈሯትም። ሕጉን ጠቅሰው ዝም ማሰኘት ይችሉ ነበር። ግን የስደተኛ ሴት በእጇ ያለችው ትንሽ ነገር ለእሷ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃሉ። ዛፍ ማለት መቆሚያዋ ነው። ነገ ማንም ውጪ እንዳይላት የያዘችው ነገር ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ አሁን ወደ እኛ ሰፈር ና። ከደብረ ኤልያስም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከወሎም ልጃገረድ ሆና የሄደች እህት አለች። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት። ሰው ቤት ሠርታ ልጆቿን እናቷ ጋ አስቀምጣ አሳደገች። ሀያ ዓመት አለፈ፤ እዚያው ሳለች ልጇ ወለደችና አያት ሆነች። የልጅ ልጇን የምታውቀው በኢሞ ነው፣ ኔትወርክ ሲኖር። ሕፃኑ ስልኩን ሲያይ «ብር የምትልከዋ» ይላል። ብሩን ግን ማን ተቀበለ? ወንድም። ቦታው በማን ስም ተገዛ? በወንድም። ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱ፣ ሱቁ፣ ባጃጁ? በወንድም ስም። «እሷ የለችም፣ ካርታ በማን ስም ይውጣ?» ይባላል። ውክልና የሚባል ነገር እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሌላው ጉዳይ ስንሯሯጥበት ነው የምንውል።

ከዚያ አንድ ቀን ትመለሳለች። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ በአንድ ፌስታል። ከመካከላቸው ገንዘቧ በላከችው ልክ የጠበቃት ነበረች። የሠራችው ቤት በር ላይ እንደ እንግዳ የቆመችም ነበረች። ወንድሟ ሚስት አግብቶበታል። «ትንሽ ታገሺ» ይላታል። ከሰው ቤት ወጥታ ሰው ቤት ገባች፤ ልዩነቱ ይህኛው ደመወዝ የለውም።

የአላህ ቃል በሱረቱ ኒሳእ ግልጽ ነው፤ ለወንዶች ከሠሩት ድርሻ አላቸው፣ ለሴቶችም ከሠሩት ድርሻ አላቸው። እዚያው ሱራ ውስጥ አማናን ለባለቤቱ መመለስ ታዟል። እህትህ «ለእማዬ ወጪ» ብላ የላከችው የእማዬ ነው። «ለአንተ» ያለችው ስጦታህ ነው፣ ብላው። «ቤት ስራልኝ» ያለችው ግን አማና ነው፤ በስምህ መሆኑ ያንተ አያደርገውም። ላቤን አፍስሻለሁ፣ ግንበኛ ቆሜ አሠርቻለሁ ካልክ የድካምህን ዋጋ ተነጋገሩ፣ ሐቅህ ነው። ቤቱ ግን የእሷ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስትሞት የሚሆነው ነው። እህት ባህር ማዶ ሞተች እንበል፤ አንድ ወንድ ልጅና እናቷን ትታለች። በሸሪዓችን እናቷ አንድ ስድስተኛ አላት። ባል ካለ አንድ አራተኛ፣ አባቷ ካለ አንድ ስድስተኛ፤ የቀረው የልጁ ነው። ወንድ ልጅ እያለ ወንድሞቿ ከውርሱ ምንም የላቸውም። ምንም! የየቲም ገንዘብ የሚበላ እሳት እንደሚበላ ቁርኣን ነግሮናል። ያንን ልጅ ያሳደጉት አያትስ? አንዲት አያት ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) መጥታ ውርሷን ጠየቀች። በቁርኣን አላገኘውም፣ ሰዎችን እስክጠይቅ ተመለሺ አሏት። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአያት አንድ ስድስተኛ ሲሰጡ አይቻለሁ አለ። ሌላ ምስክር አለህ ሲባል ሙሐመድ ኢብን መስለማ ተነስቶ መሰከረ፤ ተፈጸመላት። የመንግሥት ሁሉ ራስ የሆነ ሰው ለአንዲት አሮጊት ስድስተኛ ምስክር ያፈላልግ ነበር። እኛ ዘንድ አያት የምትጠየቀው ጣቷን ለማስፈረም ብቻ ሆኗል።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ልበል። እዚያ የተወለዱት ዓረብኛ ብቻ እያወሩ ሲመጡ እንስቃለን፤ አማርኛቸው ሲሰበር መልሰን እናስደግማቸዋለን። የኡሙ አይመንም ምላስ ለዓረብኛ ይከብድ ነበር። ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት ሰላምታው ሲጣመምባት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሰላም» ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። ሐበሻ ምድር ተወልዳ ወደ መዲና የመጣችውን ትንሿን ኡሙ ኻሊድን ደግሞ አዲስ ልብስ አልብሰው በሐበሾች ቋንቋ «ሰናህ» ብለዋታል፣ ያምራል ማለት ነው። ግእዝ የሚያውቁ የደብረ ኤልያስ ጎረቤቶቻችን «ሠናይ» የሚሉት ነው። ልጅቷ በለመደችው ቋንቋ ነው ያናገሯት። የኡሳማ ቆዳ ከአባቱ ስለጠቆረም ሰዎች ያሙ ነበር። እግር አይቶ ዘር የሚለይ ሙጀዚዝ የሚባል ሰው ተሸፋፍነው የተኙትን የአባትና የልጅ እግሮች አይቶ አንዱ ከሌላው ነው ሲል፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው በደስታ እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። የሐበሻ ልጅ በመሆኑ የሚታማ ልጅ ነገር እንዲህ ያሳስባቸው ነበር።

አይመን ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆነ። ልጁ ሐጃጅ ቀረ። ዓመታት አልፈው፣ ሐጃጅ አድጎ፣ መስጂድ ገብቶ ሩኩዑንና ሱጁዱን አጓድሎ ሰገደ። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) አይተው ድገም አሉት። ሲወጣ ማነው ብለው ጠየቁ። የኡሙ አይመን ልጅ የአይመን ልጅ ነው አሏቸው። ኢብን ዑመርም፣ የአላህ መልክተኛ ይህን ቢያዩት ይወዱት ነበር አሉ፤ ኡሙ አይመንንና የወለደቻቸውን ምን ያህል ይወዱ እንደነበርም አወሱ። ልብ በሉ፤ ጎሣ በአባት በሚቆጠርበት አገር ልጁ የተዋወቀው በሐበሻዋ አያቱ ስም ነው። ሶላቱንም ግን አስደግመውታል።

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን መልሼ ልሰናበት። «ገንዘቧ ተነክቷል፣ አሁን ምን ላድርግ?» ደውልላት፤ ያለውንም የጠፋውንም ንገራት። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን መጻፍ የሚያዘው ነው፤ አንተም ጻፈው፣ ምስክር አቁምበት። የቆመው ቤት ካለ በውክልና ወደ ስሟ አዙር። ለጎደለው አዝመራ ሲገባ ከስንዴው እየሸጥክ በየዓመቱ ክፈል። እሷ በራሷ ዐውፍ ካለችህ አልሐምዱሊላህ። ዐውፍ እንድትልህ ግን ሽማግሌ አትላክባት፤ እናትህንም ስልክ ላይ አታስለቅስባት።